የጀልባዋ የፊት ወንበር

ቶይቮ ራንታላ ሸሚዙን የሚቆልፈው ከሽቦ አጥፎ በሠራት ትንሽ መንጠቆ ነው። መንጠቆዋን በቀዳዳው አሾልኮ የቁልፉን አንገት ይይዝና ይጎትታል፤ ሰባት ቁልፍ፣ ሰባት ጊዜ። ይህን የሚያውቅበት ሰው አልነበረም፤ እንዲያውቅበትም አይፈልግም።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በሞተር መጋዝ ጥድ ሲጥል ኖሯል። ጡረታ ሲወጣ መጋዙን ለኩባንያው መለሰ፣ ንዝረቱ ግን ጣቶቹ ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ ጠዘጠዙት፤ ቀጥሎ በብርድ ጊዜ እንደ ሻማ ነጡ፤ በመጨረሻ ጭራሹን ዝም አሉ። መዶሻ ይጨብጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ የሳውናውን፣ ምድጃ ያነዳል። ኪሱ ውስጥ የገባ እጁ ግን የነካው ሳንቲም ይሁን ቁልፍ አይነግረውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ችግሩን ለሐኪም ነግሮ ይተወው ነበር። በናሴል ወንዝ ላይ ሳልሞን ለሚያጠምድ ሰው ግን ጣት ማለት ዓይን ነው። መንጠቆው ላይ የዓሣ እንቁላል ይሰካል፣ ከእንቁላሉ ከፍ ብሎ ክሩን የሚያሰጥም የእርሳስ ብረት ይታሰራል፣ ክሩ ወደ ላይኛው ወራጅ ይወረወርና የቀረውን ወንዙ ይሠራዋል። እርሳሱ ከውሃው ጋር እየወረደ የታችኛውን ጠጠር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል። ያ ጠቅታ በክሩ ሽቅብ መጥቶ ጣት ላይ ያርፋል። ሳልሞኑ እንቁላሉን አፉ ውስጥ ሲያስገባ ደግሞ የሚጎትት ነገር የለም፤ ጠቅታው ይቆማል፣ በቃ። ሰውየው መቆሙን በጊዜው ካላወቀ ዓሣው ቀምሶ፣ አልጥም ብሎት፣ ተፍቶ ሄዷል።

በዚያ ዓመት በዚህ ሁሉ ላይ የመኸሩ ዝናብ ቀረ። ጥቅምት ተጋምሶ ሰማዩ እንደ በጋ ጠራ። ወንዙ ከስቶ አጥንቱ ወጣ፤ ሰው በሕይወቱ አይቷቸው የማያውቃቸው ድንጋዮች ፀሐይ ሞቁ። ከባሕር የገቡት ሳልሞኖች ሽቅብ የሚያወጣቸው ውሃ ስላጡ በየጥልቁ ተከማችተው ዝናብ ይጠብቃሉ። ውሃው እንደ መስታወት ነውና ሁሉንም ያያሉ፤ የወፍ ጥላ ያስደነብራቸዋል። የሸለቆው አጥማጅ ሁሉ ይህን አውቆ ክሩን አቀጠነ፣ እንቁላሉን ከጥፍር አሳነሰ፣ እርሳሱን እስከ አተር ክክ አወረደው።

ቶይቮ ብቻ ሎሚ የሚያክል እርሳሱን አልለቅም አለ። ክንዱን የሚያናውጥለት እሱ ብቻ ነዋ። ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ ግን ሌላ ትንታኔ ነበረው፦

"ትልቅ ዓሣ ትልቅ ቁርስ ነው የሚወደው። እናንተ አሁን ለዓሣ የምታቀርቡት የሕመምተኛ ምግብ ነው።"

እርሳሱ ውሃ ላይ ሲያርፍ ሰው የተኛበት ክፍል ውስጥ መጥበሻ እንደ መጣል ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ዓሣ አልያዘም።

ጀልባዋ የሄልሚ ላይኔ ናት። ባሏ ኤይኖ ከዝግባ ጣውላ የሠራት፣ ከሥሯ ጠፍጣፋ፣ ሁለት ጫፏ ወደ ላይ የተቀሰረ የወንዝ ጀልባ። በዚህ ወንዝ ልማድ ቀዛፊ አያጠምድም፣ አጥማጅ አይቀዝፍም። ኤይኖ በሕይወት ሳለ እሱ ከፊት ወንበር ያጠምዳል፣ ሄልሚ መሃል ተቀምጣ ትቀዝፋለች። ከሞተ በኋላ አንድ መኸር ጀልባዋ ከመጋዘን አልወጣችም። በሁለተኛው መኸር ሄልሚ ቶይቮን ፖስታ ቤቱ በር ላይ አገኘችውና "ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ክር ይዘህ ና" አለችው። ሌላ ነገር አላለችም፤ እሱም አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ የዚያ ወንበር ቀን ሆነ። ቶይቮ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ሐሙስ ዳቦ ይገዛል፤ በቀሩት ቀናት ከራዲዮው በቀር የሚያናግረው የለም። የሳምንቱን ቀናት ተራ የሚያስታውሰው በዚያ ወንበር ነበር ማለት ይቻላል።

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ ሄልሚ መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ተናገረች።

"ዓሣ የማደርቅበት የጭስ ቤቴ ባዶ ነው፣ ቶይቮ። ሁለት እህቶቼ ለገና ዓሣ ይጠብቃሉ። እስከ ቅዳሜ አንድ ካላወጣህ ወንበሩን ለዱዌይን እሰጠዋለሁ።"

"ለዱዌይን? ያ ልጅ ዓሣ ቢነክሰው እንኳ ማንቂያ ደወል ያስፈልገዋል።"

"አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ልጅ አይደለም።"

"ለዚህ ወንዝ ልጅ ነው።"

"ቅዳሜ" አለች ሄልሚ፣ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ እየከተተች።

ቅዳሜ ደረሰ። ዱዌይን፣ የሄልሚ እህት ልጅ፣ ጠጠር የሚያመላልስበትን ትልቅ መኪናውን አቁሞ ጀልባዋ ወንዙ ላይ የምትገባበት መነሻ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። አዲሱን ዘንጉን እንደ ሰንደቅ አቁሞ ይዟል።

"እንደምን አደሩ፣ አጎት ቶይቮ! ዛሬ ምን ሊወረውሩ ነው? ድንጋይ ነው ወይስ መልህቁን ራሱን?"

"አንተን ብወረውር ደስ ይለኝ ነበር። ግን ዓሣዎቹ ምን በደሉ?"

"እኔማ ታች መውጫችሁ ድልድዩ ጋ እጠብቃችኋለሁ። አክስቴ፣ ወንበሩን አድርቂልኝ እንግዲህ፣ ሱሪዬ እንዳይርስ።"

"ትቀመጥበት እንደሆነ መጀመሪያ ሰውየው ይነሣ" አለች ሄልሚ። እሷ ቀጭን ናት፣ ስትቀዝፍ ግን ጀርባዋ የወንድ ያህል ይሰፋል። የኤይኖን ሰማያዊ ኮፍያ ጆሮዋ ድረስ አውርዳ አድርጋለች። ወደ ቶይቮ ዞራ "ግባ። ከመወርወርህ በፊት ደግሞ ሳጥንህን ክፈተው" አለችው።

ከመነሻው ወረድ ብለው ውሃው ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ሆነና ጀልባዋ ጠጠር ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ወርደው ጎተቱ። ሄልሚ ከፊት፣ ቶይቮ ከኋላ።

"ግፋ!"

"እየገፋሁ ነው!"

"ትንፋሽህን ነው የምሰማው፣ ጀልባዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም።"

"ሥር አውጥታለች መሰለኝ። እንደ ዛፍ እንቁረጣት?"

ጥልቁ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው ነበር። ቦታው ከአልደር ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ከላይ ውሃው ድንጋይ ላይ እየተንጫጫ ይገባል፣ ከዚያ ጠልቆ አረንጓዴ ይሆናል። ሄልሚ ከዓሣዎቹ ራቅ ብላ መልህቁን በገመዱ ድምፅ ሳታሰማ አወረደችው። ሁለቱም ለስላሳ ጫማ አድርገዋል፤ በዝቅተኛ ውሃ ጊዜ ጀልባ ወለል ላይ ተረከዝ ማንኳኳት ነውር ነው። አረንጓዴው ውስጥ ረጃጅም ግራጫ ጥላዎች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። አንዱ ዞር ሲል ሆዱ አብለጨለጨ።

"አየሃቸው?" አለች በሹክሹክታ።

"አሥራ አንድ ናቸው" አለ ቶይቮ። ዓይኑ ደህና ነበር።

ሁልጊዜ ጀልባዋ ውስጥ የሚያኖረውን የዕቃ ሳጥኑን ከፈተ። ትልልቆቹ እርሳሶች የሉም። በቦታቸው የአተር ክክ የሚያካክሉ ሰባት ስምንት ፍሬዎች ተበትነዋል።

"ሄልሚ። እርሳሶቼ የት ሄዱ?"

"ለዱዌይን ሰጠኋቸው። የመኪናውን ጎማ ሚዛን ያስተካክልባቸው።"

"ያለ እነሱ እንዴት ነው የማጠምደው?"

"እንደ ሰው።"

አንዷን ፍሬ ለማንሣት አምስት ጊዜ ሞከረ፤ አምስቱንም ጊዜ ከጣቱ ሾለከች። ጀርባውን ለሄልሚ ሰጥቶ ጎንበስ አለና ጣቱን ሳይሆን እርጥብ ምላሱን ተጠቅሞ አነሣት። ቋጠሮውን ለማሰር ከጸሎት የረዘመ ጊዜ ወሰደ።

"ምን ትሠራለህ እዚያ? ሹራብ ነው የምትሠራው?"

"ጥሩ ቋጠሮ አይቸኮልም።"

ወረወረ። ውርወራው ያው የድሮው ነበር፤ እሱ የክንድ ሥራ ነው። እርሳሱ የዝናብ ጠብታ ያህል ድምፅ አሰምታ ጠለቀች። ቶይቮ ክሩን በጠቋሚ ጣቱ ላይ አስደግፎ ጠበቀ። ምንም። ጣቱ ያለበትን ቦታ እንኳ ያወቀው አይቶት ነው። ፊቱን ግን የሚያዳምጥ ሰው ፊት አደረገው፤ ቅንድቡን ሰብሰብ፣ አንገቱን ዘንበል።

"ወለሉ ይሰማሃል?"

"አዎ፣ አዎ። ጠጠር። ጠጠር። አሁን አሸዋ።"

"እዚህ አሸዋ የለም።"

"ደቃቅ ጠጠር ማለቴ ነው።"

በሦስተኛው ውርወራ ሄልሚ ከኋላው "ቶይቮ!" አለች። "ክሩ ቆመ! ለምን አልሳብክም?"

"ድንጋይ ነው።"

"ድንጋይ ሽቅብ አይዋኝም። ክሩ ወደ ላይ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"የማይረባ ነው ብዬ ተውኩት። ትንሽ ነው።"

"ገና ሳታየው?"

"ከአነካኩ ይታወቃል" አለ ቶይቮ። ወንበሩ ከሥሩ ሲንሸራተት ተሰማው። ዱዌይን ድልድዩ ጋ ቆሞ ሱሪውን ሲያራግፍ ታየው።

አራተኛውን ወርውሮ ሳለ ከሌላ ቋጠሮ የተረፈች የክር ጫፍ አየ። ጠዋት ቤቱ ክሩን ሲቀጥል የዘንጉ ክር ማጠንጠኛ አጠገብ የቋጠራት ናት፤ መቆረጥ ነበረባት፤ መቀስ ደግሞ ለጣቱ የማይሆን ነገር ነው። ዘንጉን ወደ ፊቱ ከፍ አድርጎ ጫፏን በጥርሱ ሊበጥስ ጎንበስ ሲል በስሕተት ዋናውን ክር ነከሰ።

ጠቅ።

ቶይቮ ደነገጠ። ጠቅ፣ ጠቅ አለ መንጋጋው ውስጥ። ጠቅታው በፊት ጥርሶቹ ገብቶ ከጆሮው ሥር ወጣ። ቀጥሎ ጎርበጥ ያለ ድንጋይ፤ ቀጥሎ ለስላሳ ነገር፣ ምናልባት የበሰበሰ ቅጠል፤ ቀጥሎ እንደገና ጠጠር። ከአራት ዓመት በኋላ የወንዙ ወለል በአፉ በኩል ተመልሶ መጣ። ዓይኑ ውስጥ ውሃ ሞላ፤ ነፋስ ቢኖር ኖሮ በነፋስ ያሳብብ ነበር።

"ምን እየበላህ ነው?" አለች ሄልሚ።

"ምንም" አለ ጥርሱን ሳያላቅቅ።

"ክሩን ለምን አፍህ ውስጥ ከተትከው?"

"ጥርሴን አሞኝ ነው። ስነክስ ይሻለኛል።"

"የትኛውን?"

"የፊተኛውን።"

"የላይኛው?"

"እ።"

"የላይኛው ጥርስህ እኮ የተገዛ ነው። ከአበርዲን ከተማ ስታመጣው እኔ ነኝ በመኪናዬ የወሰድኩህ። የተገዛ ጥርስ እንዴት ብሎ ነው የሚያምህ?"

"የታችኛው ነው ለማለት ነው።"

"ቅርንፉድ አለኝ። ልስጥህ?"

"ኋላ!"

"አሁን ብትይዘው እኮ—"

"ሄልሚ፣ በፈጣሪ ስም፣ ኋላ!"

ወረወረ፤ ነከሰ፤ አዳመጠ። እርሳሷ ከሚንጫጫው ውሃ ሥር ወጥታ አረንጓዴውን ጫፍ ስትነካ ያውቃታል። ጠቅ፣ ጠቅ። ሄልሚ ከኋላው ስለ ቅርንፉድ፣ ቀጥሎ ስለ ጥርስ ሐኪሙ ሚስት፣ ቀጥሎ ስለ ሐኪሙ ውሻ ትነግረዋለች፤ እሱ በየመሃሉ "እ" ይላል። ጠቅ። ጠቅ።

ከዚያ ምንም።

እጁ ቢሆን ኖሮ ገና ያስብ ነበር። አንገቱ ግን አላሰበም። ቶይቮ ሙሉ ጭንቅላቱን እንደ ፍየል ወደ ኋላ ወረወረ፣ ዘንጉም አብሮ ተነሣ፣ በዚያው ቅጽበት ከታች አንድ ነገር ወንዙን ይዞ የሚሄድ ያህል ጎተተ። ክሩ ከአፉ ተመንጭቆ ወጣ። የላይኛው ጥርሱም በሙሉ አብሮት ወጣ። ፀሐይ ላይ አንዴ ብልጭ ብሎ፣ ተገለባብጦ፣ ጥልቁ ዳር ላይ ጠብ አለ።

"ዓሣ!" ብሎ ጮኸ ቶይቮ፤ ባዶ አፍ እስከፈቀደለት ድረስ።

"አይቻለሁ!" ሄልሚ መልህቁን እየሳበች ነበር። "ሌላም ነገር አየሁ መሰለኝ! ምንድን ነው የወደቀው?"

"ቅዘፊ! ቅዘፊ!"

ሳልሞኑ ቁልቁል ሮጠ። ሌሎቹ አሥሩ እንደ ተበተነ ጉባኤ ወደ ጥላው ሸሹ። ሄልሚ ጀልባዋን በሁለት ድንጋዮች መካከል አሾለከቻት፣ አንዱ ድንጋይ የጀልባዋን ጎን ላጠው፣ ድንጋዩን ረገመችው፣ ደግሞ ይቅርታ ጠየቀችው። ቶይቮ ሁለት ጉልበቱን ከጀልባዋ ግድግዳ አስደግፎ ዘንጉን በሙሉ መዳፉ ያዘ። ለዚህ ጣት አያስፈልግም፤ ትከሻ ይበቃል። ትከሻው ደግሞ ጥድ የጣለ ትከሻ ነው። ዓሣው ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ አንድ ጊዜ ከጀልባዋ ሥር ሊያልፍ ሞከረ፣ በመጨረሻ ጎኑን ሰጠ። ሄልሚ መረቡን ከጭራው ሳይሆን እንደ ደንቡ ከራሱ በኩል አስገብታ አነሣችው።

ጀልባዋ ወለል ላይ የተጋደመው አሥራ ስምንት ፓውንድ፣ ስምንት ኪሎ ያህል የሚሆን፣ ገና የባሕር ብርማ ቀለሙ ያልለቀቀው ሳልሞን ነበር። ሁለቱ አዛውንቶች ከበላዩ ተቀምጠው ተነፈሱ።

ከዚያ ሄልሚ ቶይቮን አየችው። የላይኛው ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አገጩ ወደ አፍንጫው ቀርቧል። ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው፣ ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ሳቂ እንጂ" አለ ቶይቮ። "አምቀሽው እንዳትፈነጂ።"

ሳቀች። ኮፍያዋን አውልቃ ፊቷን ሸፍና፣ በእጇ መቅዘፊያውን እየደበደበች፣ ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ቶይቮም ሳያስበው ተከተላት። ስትጨርስ ዓይኗን በኮፍያዋ ጠረገች፤ ኮፍያውን ደግሞ ወዲያው አላደረገችውም፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አስተካከለችው።

ሽቅብ ተመልሰው በጥልቁ ዳር ሲሄዱ ጥርሱ ከውሃው ሥር ጠጠር ላይ ተቀምጦ ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው። በሌላ ዓመት ቢሆን ጎርፍ ወስዶት ባሕር ይገባ ነበር፤ በዚህ ውሃ ግን ጥርሶቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ሄልሚ በዓሣ መረቡ አወጣችው፣ አጥባ፣ በመሐረቧ ይዛ ሰጠችው።

"ለጭስ ቤቱ የሚሆን አይደለም፤ ትንሽ ነው" አለች።

ቶይቮ ገጠመው። ወንዝ ወንዝ አለው።

"እንግዲህ" አለች ሄልሚ፣ መቅዘፊያዎቹን እያነሣች። "ቃል ቃል ነው። ወንበሩ ያንተ ነው። እኔማ ፈርቼ ነበር። ጣትህ ያረጀ መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። አሁን ግን እንዲያ ቀጭን አነካክ፣ ጥርስህን እያመመህ፣ እኔ እየለፈለፍኩብህ... ኤይኖም እንኳ አያውቀውም ነበር። ጣትህ ያው የድሮው ጣት ነው።"

ቶይቮ ዓሣውን አየ። ዝም ቢል ነገሩ ያልቃል። ማክሰኞ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይመጣል፤ ክሩን እየነከሰ፣ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ጥርስ እያሳመመ፣ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። እሷ ከማንም ጋር የማታወዳድረውን ኤይኖን አንሥታ ከእሱ ጋር ባታወዳድረው ኖሮ ይችለው ነበር።

"ሄልሚ፣ ጣት የለኝም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሞተዋል። አራት ዓመት ሆናቸው። ዓሣውን ያወቅሁት በጥርሴ ነው፤ እሱንም ዛሬ፣ በስሕተት።"

ሄልሚ መቅዘፊያዎቹን ትታ ፊት ለፊቱ መጥታ ተቀመጠች። "እጅህን ስጠኝ። ዓይንህን ጨፍን።"

ጨፈነ። ውሃው ሲንጫጫ ይሰማዋል።

"ምን አስያዝኩህ?"

"እርሳሷን።"

"አይደለም። አሁንስ?"

"እንቁላል።"

"አሁንስ?"

ምንም አልነበረም፤ ቢያንስ ለእሱ ምንም አልነበረም። "አሁን ምንም አላስያዝሽኝም" አለ። ዓይኑን ሲገልጥ ሁለት እጆቿ የእሱን ቀኝ እጅ ከግራና ከቀኝ ይዘውት ነበር። ለቀቀችው። ፊቷ ቀላ፤ ቀጥሎ ቁጣው መጣ፣ ሲመጣም ለሁለቱም እፎይታ ነበር።

"ሦስት ሳምንት!" አለች። "ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን የበር ማስደገፊያ ድንጋይ የሚያክል እርሳስ እየወረወርክ የሸለቆውን ዓሣ ሁሉ ስታስበረግግ! እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ መዳፌ እስኪላጥ እየቀዘፍኩ! 'ትልቅ ቁርስ ይወዳል!' አንተ ውሸታም ሽማግሌ!"

"ብነግርሽ ወንበሩን ለዱዌይን ትሰጪው ነበር።"

"እሰጠው ነበር!"

"ይኸው!"

"ተነሣ!"

ቶይቮ ተነሣ። ዳር ልታወርደው እንደሆነ አሰበ፤ ከዚያ እስከ መንገዱ በእግር ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ዘንጉን ከወንበሩ አጠገብ ቀስ አድርጎ አስደገፈው።

"ወዴት ነው?" አለች ሄልሚ።

"ልውረድ።"

"ማን ውረድ አለህ? መሃል ሂድና ተቀመጥ። መቅዘፊያ በጣት አይያዝም፤ በመዳፍና በጀርባ ነው። ጀርባ አለህ፣ ወይስ እሱም ሞቷል?"

"ጀርባዬ ደህና ነው።"

"እንግዲያው ቅዘፍ።" የፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ፣ ሌላ ሰው ቦታውን ሊጠይቃት እንደሚችል ሁሉ፤ ቀጥሎ ወደ መሃል ገፋ አለች። ዘንጉን አነሣች።

"ይዘሽው ታውቂያለሽ?" አለ ቶይቮ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላው ተቀምጬ አይቻለሁ።"

"አንድም ቀን አልሞከርሽም?"

"ቀዛፊ አያጠምድም።"

"ፈልገሽ ታውቂ ነበር?"

ሄልሚ ክሩን ታጠነጥን ነበር፤ ጣቶቿ ትናንሽ ናቸው፣ ቋጠሮውን ሳታይ አጠበቀችው። "ማንም አልጠየቀኝም" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፣ የአየሩን ሁኔታ የምትናገር ይመስል ነበር። "አሁን ዝም በልና ጀልባዋን ከዚያ ድንጋይ አርቃት።"

ቶይቮ ግራውን ሲስብ ጀልባዋ ቀኝ ዞረች። ቀኙን ሲስብ ጭራሽ ዞራ ሽቅብ አየች።

"ወንዙ በዚያ በኩል ነው" አለች ሄልሚ።

"አውቃለሁ።"

"ጀልባዋ ግን አላወቀችም።"

"መምህርዋ መጥፎ ነበረች።"

የመጀመሪያ ውርወራዋ አልደር ዛፍ ላይ ተሰቀለ። ሁለተኛው የቶይቮን ባርኔጣ ወሰደ። በሦስተኛው እርሳሷ ውሃው ላይ አረፈች፤ ሄልሚም ክሩን በጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ላይ አሳረፈችው። ወዲያው ጀርባዋ ቀጥ አለ።

"ኦ" አለች።

"ምን?"

"ይናገራል።"

"ምን ይላል?"

"ቆይ።" ጥቂት አዳመጠች። "ጠጠር። አሁን ትልቅ ድንጋይ፣ ክብ። አሁን አንድ... እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር።"

"የበሰበሰ ግንድ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የወደቀ። እሱን ስታልፊ ቀጣዩ ጥልቅ ይጀምራል" አለ ቶይቮ። ወንዙን በቃሉ ያውቀዋል። እሷ የምትነካውን እየነገረችው፣ እሱ የት እንዳሉ እየነገራት ወረዱ። ጀልባዋም ቀስ በቀስ መታዘዝ ጀመረች።

ከድልድዩ በላይ ባለው የመጨረሻ ጥልቅ ዳር ዱዌይን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሄል ያለበት ዳቦ ይበላ ነበር። አያቸውና ማኘኩን አቆመ። አክስቱ ከፊት፣ አጎት ቶይቮ መሃል፣ ወለሉ ላይ ደግሞ አንድ ብርማ ጭራ።

"አክስቴ!" ብሎ ጮኸ። "ምንድን ነው ይሄ? እኔ የምቀመጠው የት ነው ታዲያ?"

"እዚያው ድንጋይህ ላይ" አለች ሄልሚ፣ ዞር ሳትል። "ድምፅህን ደግሞ ቀንስ።"

"አጎት ቶይቮ፣ እርስዎ መቅዘፍ ጀመሩ?"

"ተቀጠርኩ" አለ ቶይቮ። "ማክሰኞና ቅዳሜ።"

"ዓሣውን ማነው ያወጣው?"

ሄልሚ ጣቷን አንሥታ ነበር፤ ክሩ ላይ ያለውን ሳይሆን ሌላኛውን፣ ዝም በሉ ለማለት። ዘንጉ ላይ ምንም አይታይም፣ ውሃው ላይም ምንም አይታይም።

"ቆመ" አለች በሹክሹክታ። "ቶይቮ፣ ቆመ። ምን ላድርግ?"

"ሳቢ!"

ሳበች። ዘንጉ ጎበጠ፣ ሄልሚም ከወንበሩ ብድግ ብላ እንደ ኮረዳ ጮኸች፤ ዱዌይን ዳቦውን ጥሎ ተነሣ። ቶይቮ ሁለቱን መቅዘፊያዎች ውሃው ውስጥ ከትቶ፣ ጫማውን ከወለሉ አስደግፎ፣ በመላ ጀርባው ወደ ኋላ ተለጠጠ። ወንዙ ጀልባዋን ወደ ድልድዩ ሊወስዳት ገፋ፤ እሱ ያዛት።

"አትልቀቃት!" አለች ሄልሚ።

"የት ልልቀቃት" አለ ቶይቮ።